የወንዙን ምስክር ፍለጋ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ሰበታ፣ ንጋት

ገና ሳይነጋ ወጣን። ታላቅ እህቴን እታለም እላታለሁ። የቤቷ ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ከተቀባ ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ እኔንም አላስተኛችኝም። የማዘጋጃ ሰዎች ከውኃው ጠርዝ ሜትር ዘርግተው «ቤቱ የወንዝ ዳርቻ ውስጥ ስለሆነ ይፈርሳል» ብለዋታል። እሷ ደግሞ ስትገዛው ወንዙ ሩቅ ነበር ትላለች። ይህን የሚመሰክሩላት መሬቱን የሸጡላት ገበሬ ኦቦ ዲሪባ ናቸው። ቡራዩ ልጃቸው ቤት እንዳሉ ሰምተናል።

በፉሪ በኩል አቧራ፣ የብሎኬት ክምር፣ ያላለቀ ፎቅ። የታክሲው ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል፤ ወዴት እንደምንጠጋ ግን አይነግረንም።

ቡራዩ፣ ረፋድ

ከገፈርሳ በኩል ቀዝቃዛ ንፋስ ይመጣል። ልጃቸው በር ላይ ድንች ትልጣለች።

«አባዬማ ላሜን ከተማ ውስጥ የት ላስራት ብሎ ሱሉልታ ወንድሜ ጋ ሄደ። ግቡና ቆሎ ቅመሱ እንጂ።»

እታለም መንገድ ጀምራለች። ቆሎዬን ዘግኜ ተከተልኳት።

ሱሉልታ፣ ከሰዓት

አዲሱ ገበያ ታክሲ ቀይረን እንጦጦን ተሻገርን። ሯጮች ዳገቱን ይወጣሉ፤ እኔ ተቀምጬም ደክሞኛል። ኦቦ ዲሪባን ረግረጉ ዳር ላም ሲያስሩ አገኘናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» አለች እታለም፣ ደህንነታቸውን ስትጠይቅ።

«ፈያ፣ ኢንተላ ኮ!» ደህና ነኝ፣ ልጄ ብለው አቀፏት።

«ሲሸጡልኝ ወንዙ ወዲያ ማዶ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ይኸው!» አለችኝ።

«ማዶ የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ» አሉ። «ለድንቼ መሬት ሲጠበኝ በበጋ ደቦ ጠርተን፣ ቆፍረን አዞርነው። አሁን ወደ ቦታው ነው የተመለሰው።»

እታለም አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ግድ የለሽም፣ ይህን አላነሳም» አሉና ጋቢያቸውን አጣፉ። «አንቺ በሉ ያልሽኝን እላለሁ። ልጆችሽ ሜዳ ላይ ሲወድቁ አላይም።»

እታለም ወደ ረግረጉ ዞረች። «ዱሮ፣ ከማዞራችሁ በፊት፣ ክረምት ሲሞላ የት ድረስ ይመጣ ነበር?»

«እስከ ሾላው።»

ሾላው ከቤቷ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ልጆቿ የሚተኙት ከሾላው በታች፣ ወደ ውኃው በኩል ባለው ክፍል ነው።

«ይቅር፣ ለምስክርነቱ አይምጡ» አለቻቸው።

ሰበታ፣ ማምሻ

ሰማዩ ጠቁሯል። ገና እንደደረስን የልጆቹን ፍራሽ ጠቅልላ ወደ ውጭ አወጣች፤ እኔም በሌላው ጫፍ ያዝኩላት።

«ልጆቹ አንተ ጋ ይደሩ» አለችኝ። «ነገ ደግሞ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሳያበላሽ የሚነቅል አናጢ ፈልግልኝ።»