ቼክ የሚለኝ ሰው

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰኝ ሁሉም ሰው እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ገርጂ ተከራይቼ ስኖር ቅዳሜ ቅዳሜ ቅርጫት ኳስ አብረውኝ የሚጫወቱ ጓደኞች ነበሩኝ፤ እነሱም እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ይደውሉልኝ ነበር። "ነይ እንጂ" ይሉኛል፤ የመገናኛን ሰልፍና የታክሲውን ግፊያ ሳስበው "ሌላ ቀን" እላለሁ። ኋላ መደወሉን ተዉት። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ አልደወልኩም።

ከብሎካችን ጀርባ ሜዳ ሊሆን ተጀምሮ የቀረ የሲሚንቶ ወለል አለ። አንድ የቅርጫት ኳስ ብረት ቆሞበታል፤ ማዶ መተከል የነበረበት ሁለተኛው የት እንደቀረ የጠየቀ የለም። ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን አስረውበታል። ያቺን ብረት ባየሁ ጊዜ ግን ደስ አለኝ፤ ባንድ ቅርጫት የሚሆን ጨዋታ አለና።

ሰው አብዝቶ የሚያውቀው አምስት ለአምስት የሚጫወቱትን ነው፤ ሁለት ቅርጫት፣ አስር አስር ደቂቃ አራት ጊዜ፣ ኳሱን የያዘው ቡድን በሃያ አራት ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር አለበት። ሦስት ለሦስቱ የሰፈር ጨዋታ ነው። ግማሽ ሜዳ ይበቃዋል። ከቅርብ ያስገባ አንድ ነጥብ፣ ከቅስቱ መስመር ውጭ ያስገባ ሁለት ያገኛል፤ ሃያ አንድ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል፣ ካልሞላም አስር ደቂቃው ሲያልቅ የመራው። አሁን ኦሎምፒክ ላይም ከትልቁ ጨዋታ ጎን የራሱ ሜዳሊያ አለው። ይህን በቴሌቪዥን ስሰማ የተሾምኩ ያህል ኮራሁ፤ የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ተኛሁ።

ከሕጉ ሁሉ የምወደው አጀማመሩን ነው። ኳሱን እንዳገኙ መሮጥ የለም። መጀመሪያ ለሚከላከለው ተጋጣሚ ይሰጣል፣ እሱ ሲመልሰው ነው ጨዋታው የሚጀመረው። ገርጂ ስንጫወት ኳሱን የሚመልሰው "ቼክ" ይል ነበር፤ አይቼሻለሁ፣ ዝግጁ ነኝ ማለቱ ነው። መወርወሩን ብቻዬንም እችለዋለሁ፤ ብቻዬን ያልቻልኩት ይሄን ነው። ስለዚህ ኳሱን ከብሎኩ ግድግዳ ጋር አላትመውና ነጥሮ ሲመለስ ራሴው "ቼክ" እላለሁ። አርባ ዓመት የሞላኝ ሴትዮ ከግድግዳ ጋር ሳወራ የሚስቅብኝ ሰው እንኳ አልነበረም። ከፋኝ፤ በጣም ከፋኝ።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ቤቱን አከራይቼ ገርጂ ልመለስ ወስኜ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጫወት ወረድኩ። ኳሱ ብረቱን መትቶ ገመዱ ላይ ከተሰቀለው አንሶላ ሥር ገባ። ላነሳው ስሄድ የገመዱ ባለቤት እማማ ቀድመውኝ አንስተውታል።

"ይቅርታ እማማ፣ አንሶላውን አቆሸሽኩብዎት?"

"ተዪው፣ ይታጠባል። ልጠይቅሽ ስል ስል ነው የከረምኩት፤ ሁልጊዜ ቼክ፣ ቼክ የምትይው ባንክ ነው እንዴ የምትሠሪው?"

ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቤ ሳቅኩ። የባንኩ ቼክ እንዳልሆነ ነግሬ ሕጉን አስረዳኋቸው። ኳሱን እንዳቀፉ በጥሞና ሰሙኝ።

"ታዲያ ግድግዳው ይመልስልሻል?"

"ኳሱን ይመልሳል።"

"ቃሉንስ?"

ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁት። እሳቸውም፣ "እኔም ቀኑን ሙሉ ለሬዲዮ ነው የምመልስለት" አሉ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ኳሱን በሁለት እጃቸው ወረወሩልኝ።

"ቼክ" አሉኝ። "እንዲህ ነው አይደል?"

"እንዲህ ነው" አልኳቸው።

ወደ ቅርጫቱ ዞሬ ወረወርኩ። ዓይኔ እንባ ስለሞላ ሳትኩት። ሮጬ ኳሱን ስይዝ እማማ እዚያው ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል።

"አልገባም" አሉ። "በይ አምጪው፣ እንደገና ልስጥሽ።"