የረቡዕ ወረቀት

ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጥቶ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በድልድል በታመሰበት ዓመት፣ እኔ ሐዋሳ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትልቅ ሰው ነበርኩ። ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የውጭ አገር ጆርናሎችን ከኢንተርኔት ፈልጎ የሚያወጣ ከእኔ ሌላ አልነበረም። መፈለጊያው ለድሃ አገሮች በነጻ የተፈቀደ ሲሆን፣ የይለፍ ቃሉን የምናውቀው እኔና የክፍሉ ኃላፊ ብቻ ነን። አዲስ አበባ ሄጄ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ወስጄ፣ የምስክር ወረቀቴን በፍሬም አሠርቼ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። መምህራን ሳይቀሩ ይለማመጡኛል። ደስ ካለኝ እፈልግላቸዋለሁ፤ ደስ ካላለኝ ኔትወርክ የለም እላቸዋለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼ መጡ። ግቢው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የመስክ ቴክኒሻን ናቸው፤ ከቱላ ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች ከማሳ ማሳ እየዞሩ አጠውልግ የሚባለውን የእንሰት በሽታ ሲመዘግቡ አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል። መረጃውን ይቀበሏቸው የነበሩት ውጭ የተማሩ አንድ ዶክተር ነበሩ። ዶክተሩ ከመረጃው በሠሩት ጽሑፍ ላይ ስምህን አስገብቼዋለሁ ብለዋቸው ወደ ውጭ ተመልሰው ሄደዋል። በድልድሉ ደግሞ በስሙ የታተመ ጽሑፍ ያለው ሰው ምርምር ክፍል ይቀራል፤ የሌለው ትርፍ ሠራተኛ ተብሎ ክፍት ቦታ ወደተገኘበት ይላካል። ኮሚቴው የሚቀመጠው ዓርብ ነው። ጋሼ እስከዚያ ስማቸው ያለበትን ያንን ጽሑፍ ማግኘት ነበረባቸው።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት። እኔ ደግሞ ቀስ የሚል ሰው ያናድደኛል። ስድስት ተማሪዎች ከኋላቸው ተሰልፈዋል። ጋሼ የጽሑፉን ርዕስ አያውቁትም፤ የራሳቸውንና የዶክተሩን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፈው አመጡልኝ። ወረቀቷ አናት ላይ ቀኑን ጽፈውበታል።

“ቀኑ ምን ያደርጋል?” አልኳቸው።

“ልማድ ነው፣ ልጄ። እኛ ቀን የሌለው መረጃ አንቀበልም።”

ሌላው ሰው ሁሉ ርዕስ ይዞ ስለሚመጣ በደራሲ ስም ፈልጌ አላውቅም ነበር። ሰው የሚጠራው በስሙ ነው ብዬ ስማቸውን ጻፍኩ። ምንም የለም። የዶክተሩን ስም ጻፍኩ። ምንም የለም። “እርስዎም የሉም፣ ዶክተሩም የሉም” አልኳቸው።

ጋሼ ስክሪኑን አዩት። “ዶክተርም የሉም? እሳቸው እኮ ብዙ ጽፈዋል። እሳቸው ከጠፉማ ችግሩ አፈላለጉ ላይ ይሆናል።”

ልክ ነበሩ። ያናደደኝም ልክ መሆናቸው ሳይሆን አይቀርም።

“ማሽን አይሳሳትም፣ አባባ” አልኩ። ገና ስልሳ ያልሞላቸውን፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸውን ሰው ሆን ብዬ አባባ አልኳቸው። “ዶክተሩ ሸውደውዎታል። እርስዎ ማሳ ለማሳ ሲንከራተቱ እሳቸው ስም አተረፉበትና ሄዱ። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው።”

ከኋላ አንዱ ተማሪ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅኩ። ጋሼ ወረቀቷን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቷትና “ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ” ብለውኝ ወጡ።

ረቡዕ ዕለት ከውጭ ተምሮ የተመለሰ አንድ መምህር የራሱን ጽሑፍ እንዳወጣለት ጠየቀኝ። ስሙን መጻፍ ስጀምር አስቆመኝ። “በአባቴ ስም ነው እንጂ! ፈረንጆቹ የሚመዘግቡን በአባታችን ስም ነው፤ ከእኛ ስም አንዲት ፊደል ብቻ ናት የሚተዉት። ሥልጠናው ላይ አልነገሯችሁም?” ነግረው ይሆናል። ሌሎቹ ሠልጣኞች ስለ ደራሲ ስም የተማሩት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እኔ በዚያ ሰዓት መርካቶ ጫማ እየለካሁ ነበር።

መምህሩ ሲወጣ ከትንሿ ወረቀት ያስታወስኩትን የጋሼን አባት ስም ጻፍኩ። ወዲያው ወጣ። የእንሰት አጠውልግ፣ አንደኛ ደራሲ ዶክተሩ፣ ሦስተኛ ደራሲ ጋሼ። ከጋሼ ስም የቀረችው አንዲት ፊደል ስትሆን የአባታቸው ስም ሙሉውን ተጽፏል። አተምኩትና መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ምርምር ክፍሉ ከእኔ ቢሮ አሥር ደቂቃ አይርቅም። አልሄድኩም። ስድስቱ ተማሪዎች በየቀኑ ይመጣሉ፤ በእነሱ ፊት ማሽን አይሳሳትም ያልኩት እኔ ነኝ። ኃላፊው ቢሰማ ያ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት መሳቂያ ይሆናል። ሐሙስ ጠዋት እሰጣቸዋለሁ አልኩ። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ግን ከጓደኞቼ ጋር ሐይቁ ዳር ዓሣ ልበላ ሄድኩ። ረስቼው ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁትም። ዓሣውን እየበላሁ አስታውሼዋለሁ፣ ዓሣውም ጣፍጦኛል። ዓርብ ኮሚቴው ተቀመጠ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ድልድሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ጋሼ ጥበቃ ሆነዋል። የደረሳቸው ቦታ የቤተ መጻሕፍቱ በር ነበር።

ሦስት ዓመት ያህል በየቀኑ በፊታቸው ገባሁ፣ ወጣሁ። ግድግዳው ላይ ማንኛውም ሰው ይፈተሻል የሚል ተለጥፏል፤ በልማድ ግን ሠራተኛ አይፈተሽም። ጋሼ ተማሪዎቹን ይፈትሻሉ፣ እንግዳ ሲመጣ በመዝገብ ይጽፋሉ፣ እኔን ሲያዩ “እለፊ፣ ልጄ” ይሉኛል። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አሁን ብሰጣቸው ምን ይጠቅማቸዋል እያልኩ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ከዚያ ዶክተሩ ለስብሰባ መጡ። ከመስኮት አየኋቸው፤ ከመኪና ወርደው እጃቸውን ዘርግተው፣ እየሳቁ ወደ በሩ ሲሄዱ። ጋሼ አልተነሱም።

“መታወቂያ” አሉ።

ዶክተሩ ቀልድ መስሏቸው አቅፈው ሊስሟቸው ጎንበስ አሉ። ጋሼ ወደ ኋላ ሸሹና “መታወቂያ፣ ጌታዬ” ብለው ደገሙ። ተቀብለው እንደማንኛውም እንግዳ መዝገብ ላይ አሰፈሩና መለሱላቸው። ከዚያ ከዶክተሩ ትከሻ በላይ አሻግረው “ተከታይ” አሉ። ተከታይ አልነበረም።

ዶክተሩ ውስጥ ገብተው እኔ ጋ ቆሙ። ፊታቸው ተለዋውጧል። “ምን አድርጌው ነው? አንቺ ታውቂያለሽ?”

“እኔ እንጃ” አልኩ። “ሰው ሲያረጅ አመሉ ይከፋል።”

በማግሥቱ ዶክተሩ ተመልሰው ሄዱ። ያኔ ነው ያላስቻለኝ። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ በሩ ላይ ለጋሼ ሰጠኋቸው። እዚያም ላይ እውነቱን መናገር አቃተኝና “ዛሬ ስፈልግ በአባትዎ ስም አገኘሁት” አልኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። የአባታቸውን ስም በጣታቸው ነኩት። “ይኸ አባቴ ናቸው” አሉ። “አባቴ ፊደል አልቆጠሩም።” ፈገግ አሉ፤ ከድልድሉ ወዲህ እንደዚያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። “ዶክተር አልዋሹም። እኔ ግን መታወቂያ ጠየቅኳቸው።”

ከዚያ ዓይናቸው ወደ ወረቀቱ ግርጌ ወረደ። ከኢንተርኔት የሚታተም ገጽ ግርጌው ላይ የታተመበት ቀን ይወጣል። በሕይወቴ ሺህ ገጽ አትሜያለሁ፤ ያንን ጥግ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ጋሼ ግን የመስክ ቅጾቻቸውን አሥራ አንድ ዓመት የሞሉት በዚያው አቆጣጠር ነው። እኔ ጋ ከመጡበት ሰኞ ጀምረው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆጠሩ።

“ረቡዕ” አሉ።

ጣታቸውን ቀኑ ላይ አሳረፉ።

“ኮሚቴው ዓርብ ነበር።”

ቢጮሁብኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው፣ ያቺን ትንሿን ወረቀት የከተቱበት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። “ግቢ፣ ሥራሽ ይጠብቅሻል” አሉ። ልጄ አላሉኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ተማሪዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ሳለ እንደ ልማዴ ላልፍ ስል እጃቸውን ዘረጉ። “ቦርሳ።” ሰጠኋቸው። ማበጠሪያዬን፣ መሐረቤን፣ የቁርስ ሳሕኔን፣ የጓዳ ነገሬን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከኋላዬ አንድ ተማሪ ሳቀ። ጋሼ ቀና ብለው ልጁን ሲያዩት ሳቁን ዋጠው። ከዚያ ሁሉንም በቦታ በቦታው መልሰው “እለፊ” አሉኝ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠዋትና ማታ ፈተሹኝ። ለማንም አቤት አላልኩም። ከቤት ስወጣ ቦርሳዬን አስተካክዬ መውጣት ጀመርኩ፤ በሩ ጋ ስደርስም ሳይጠይቁኝ እከፍተው ነበር።

ጡረታ በወጡ ማግሥት ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጥበቃ ተቀምጧል። ቦርሳዬን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ግራ ገብቶት አየኝና ሳቀ።

“ሠራተኛ አይፈተሽም እኮ” አለኝ። “ይዝጉትና ይለፉ።”

“ግድ የለህም፣ ፈትሸው” አልኩት። አልፈተሸም።