ከኋላዬ የሚመጣው ኮቴ

እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ድሮ ሯጭ ነበርኩ ስል ሰዉ ‹‹እናንተ አገር ሯጭ ያልሆነ አለ እንዴ?›› ብሎ ይስቃል። እኔን አያስቀኝም። በየከተማው ማራቶን ሮጬ፣ አንዳንዴ አሸንፌ፣ ብዙ ጊዜ ተሸንፌ፣ በመጨረሻ ጉልበቴ በቃኝ ሲል የተውኩት እንጀራዬ ነው። አሁን ኦግደን የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ግቢው አጠገብ እኖራለሁ፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። ኮቴው ግን አልተወኝም ነበር።

ኮቴው የጓደኛዬ ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ልምምድ ስንሠራ በአንድ መስመር ተከታትለን ነበር የምንሮጠው፤ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላዬ። ከፊት ያለችው ድንጋይ ወይ ጉድጓድ ስታይ አትናገርም፣ ዞራም አታይም፤ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ በጣቷ ታመለክታለች። የኋለኛዋ ያችን ጣት አምና ትረግጣለች። ዓመታት እንዲህ ሮጠናል። ከፊቷ ይልቅ ኮቴዋን አውቀዋለሁ፤ ግራ እግሯን ጫን አድርጋ ትረግጥ ነበር።

እኔ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ታማ ሞተች። ዘመድ ስላልሆነች ማልዶ መርዶ የሚነግረኝ ሽማግሌ አልመጣም፤ የሰማሁት ለሌላ ጉዳይ ስደውል ነው። ሺፍት ነበረኝ፣ ገባሁ። ከሥራ ወጥቼ ወደ አውቶቡሱ በበረዶው ላይ ስራመድ ከኋላዬ መጣች። ግራ እግሯ ጫን ይላል። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ዞሬ ግን አላየሁም። ትንሽ እንደሄድኩ የሚያንሸራትት ቦታ ሳይ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ሄዶ አመለከተላት። ከዚያ ወዲህ በረዶ በጣለ ቁጥር አብረን ነበርን።

አንድ እሁድ ከቸርች ስንወጣ ፓርኪንጉ ግግር በረዶ ሆኗል። የሴቶች ጸሎት የምትመራው እህት ከኋላዬ ሆና እጄን አየች።

‹‹እትዬ፣ ለማን ነው የሚጠቁሙት?››

ብዋሽ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ነገርኳት።

‹‹ይሄማ ሲሪየስ ነው እትዬ፣ መንፈስ ነው! ዛሬውኑ ፕሬይ እናደርግልዎታለን።››

ሳድል ሪጅ ሰፈር፣ ቤቷ ወሰደችኝ። የጸሎት ቡድኗ ሴቶች ከበቡኝና እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ፣ አንዷማ የታመመው ጉልበቴ ላይ ጫኑ። ‹‹ልቀቃት! ውጣ!›› እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮሁ። እኔ በልቤ ‹‹ኧረ አትሂጂ›› እላለሁ። ግን ሰው ልጆቹን ትቶ፣ የዕረፍት ቀኑን ሰጥቶ ሲጸልይልሽ ምን ይባላል? ይሉኝታ ይዞኝ ‹‹አሜን›› አልኩ። ‹‹ጮክ ይበሉ እንጂ እትዬ!›› አሉኝ። ጮክ አልኩ። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ ደግሞ እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ በላሁ።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ በረዶው ላይ የሚሰማው የራሴ ጫማ ብቻ ነው። ቆሜ ጠበቅኩ። ቀስ ብዬ ሄድኩ። ስሮጥ ብትከተለኝ ብዬ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ ሮጥኩ። ማንም የለም። ይሄን ሁሉ ዓመት ካልጋሪ ስኖር እንደዚያን ቀን በርዶኝ አያውቅም።

ቤት እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ። ያችው እህት ናት።

‹‹እትዬ፣ ቼክ ላደርግዎት ብዬ ነው። ለቀቀዎት?››

‹‹ለቀቀኝ›› አልኩ። ድምፄ ተሰበረ።

‹‹ክብር ለእግዚአብሔር! ያልቅሱ እትዬ፣ ያልቅሱ፤ የደስታ እንባ ነው!››

እሷ በዚያ በኩል እልል ስትል፣ እኔ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ወለሉ ላይ ለጓደኛዬ ለቅሶ ተቀመጥኩ።