ለአባ ብቻ የሚነገር

የእርጥብ ቡና ገለፈት የጫነ አይሱዙ በዲላ አስፋልት ሲያልፍና ኮምጣጣው ሽታ የማስተምርበት ክፍል ሲገባ፣ ሁልጊዜ ራሴን ባደግሁበት መንደር በኢዲዶ፣ አያቴ ደጅ ላይ አገኘዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ በአንድ ክረምት፣ እኛ የካቶሊክ ልጆች ለመጀመሪያ ቁርባን እንዘጋጅ ነበር። ዝናቡ የጸሎት ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራችን ጋሼ ማርቆስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰባቱን ምሥጢራት ያስቆጥሩን ነበር፤ ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ክህነት፣ ተክሊል። «በንስሐ የተነገረ ለማንም አይወራም» ያሉትን አጥብቄ ያዝኩ። ሌሎቹ ስድስቱም ምሥጢር ስለሚባሉ፣ በእኔ ስሌት ሰባቱም አይወሩም ነበር።

ቡናው ቀልቶ ለቀማ ሲጀመር አያቴ ታመሙ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ከማሳው ጠርታኝ፣ «አባባ ንስሐ መግባትና ቀንዲል መቀበል ይፈልጋሉ። አንደበታቸው ሳይዘጋ ሩጪ፣ አባን ጥሪልኝ» አለችኝ።

ጭቃው እየያዘኝ ጸሎት ቤቱ ስደርስ፣ ካህናችን አባ ለቅዳሴ ጨለለቅቱ ከተማ ሄደው ነበር። ጋሼ ማርቆስን ሞተር ብስክሌታቸውን ሲያጥቡ አገኘኋቸው።

«ምን ሆነሽ ነው? የሰው ሸንኮራ ሰብረሽ ነው?» አሉኝ እየሳቁ።

«ለአባ ብቻ ነው የምናገረው። ምሥጢር ነው።»

«እሺ የምሥጢር እናት፣ ተቀመጪያ!»

ተቀመጥኩ። አባን ቶሎ ልታመጣ የምትችለው ያቺ ሞተር ከፊቴ ቆማ እየደረቀች፣ እኔ ሰባቱን በልቤ እየቆጠርኩ፣ አደራ ጠባቂነቴ እያኮራኝ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅሁ።

ከአባ ጋር ቤት ስንደርስ አያቴ ዓይናቸው ነበር እንጂ አንደበታቸው አልነበረም። አባ ግንባራቸውንና እጃቸውን በቅዱሱ ዘይት ቀብተው የኃጢአት ሥርየት ሰጧቸው፤ አያቴ ግን ሦስት ጊዜ ከንፈራቸውን ከፍተው፣ ምንም ሳይወጣቸው መልሰው ገጠሙት። በማግስቱ አረፉ። ጋሼ ማርቆስ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቃሉን ሳልፈታላችሁ አስቆጠርኳችሁ» አሉ።

ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ልጆች አስተምራለሁ፤ ቢደክመኝም «ምሥጢር» ከሚለው ከዚያ ቃል ነው የምጀምረው። ይህ ምሥጢር የሚደበቅ አይደለም፣ በሚታየው ውሃ፣ ዘይትና ኅብስት የማይታየውን ጸጋ የምንቀበልበት ነው እላቸዋለሁ። ባለፈው አንዷ፣ «ቲቸር፣ ካልተደበቀ ታዲያ ለምን ምሥጢር ተባለ?» አለችኝ። በቅደም ተከተል አስረዳኋት፤ ገባት፤ እኔ ግን ደክሞኝ ተቀመጥኩ።

አሁን ለካህን በስልክ ይደወላል፣ መልእክት ይዞ የሚሮጥ ልጅ የለም። አያቴ ሊናገሩት የነበረውን ማወቅ አልፈልግም፤ ያ በእርግጥም ለአባ ብቻ ነበር። ብቻቸውን ይዘውት መሄዳቸው ነው የሚከብደኝ።