ቆላ ወርዶ የተመለሰው ጽዋ

በ1988 ዓ.ም. ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህን ያስቆጠረኝ የማሽላ ሽታ ነው። ባለፈው ሞላሌ ገበያ ውዬ ስመለስ አንዲት ሴት የጆንያዋን አፍ ስትፈታ በአጠገቧ አለፍኩ። ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ማሽላ ነበር፤ ተዘግቶ የኖረ ቤት ሲከፈት እንደሚሸተው፣ እርጥብ እርጥብ፣ እርሾ እርሾ የሚል፣ ለማያውቀው የተበላሸ እህል የሚመስል። ቆሜ ቀረሁ። ሴትዮዋ ብትታገሥ ብትታገሥ ቢቸግራት፣ "አባቴ፣ ይገዛሉ ወይስ ያሸታሉ?" አለችኝ። "አሸታለሁ" አልኳት፤ ውሸት አይሆንልኝም። ስቃ ተወችኝ። ሽታው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። የእኔ ትምህርት ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ሳልጨርስ የወጣሁት ነው፤ ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው፤ ያልጣመው ይተወው።

ያን ዓመት በጥቅምት ማለቂያ ውርጭ ወረደብን። ማታ ወተት የያዘ ገብስ አይተን ተኛን፤ ጠዋት ስንነሣ ማሳው ነጭ ሆኖ አድሯል፤ ፀሐይ ስትነካው ደግሞ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዘረረ። ጎተራችን ባዶውን ቀረ። ኅዳር ሚካኤል የደረሰው በዚህ መሀል ነው።

በሰፈራችን ባልም ሚስትም የሚጠጡት የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ነበረን፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን። ጽዋ የምንላት አንገቷ ቀጠን ያለች ጥቁር ማሰሮ ናት። የደገሰው ቤት አጠጥቶ ሲጨርስ ለተረኛው ያስረክባል፤ ተረኛው ዓመቱን ሙሉ ቤቱ አክብሮ ያስቀምጣትና በሚመጣው ዓመት ጠላ ሞልቶባት ማኅበርተኛውን ይጠራል። የቸገረው ሰው "ዘንድሮ ይለፈኝ" ቢል ነውር የለበትም፤ ተራው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

ባለቤቴ አስካለ የመርሐቤቴ ልጅ ነበረች፤ ከዓለም ከተማ በታች፣ ከቆላው አምጥቼ ነው ያገባኋት። መንዝ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖራ እንኳ ሴቶቹ "ቆለኛዋ" ነበር የሚሏት። ብርድ ትፈራለች፣ የገብስ ነገር አይገባትም፣ አንድ ቀን ጥላው ትገባለች ይሉ ነበር። ጽዋው ሲደርሳት ያ የመጀመሪያዋ ነው። ብታሳልፈው ማንም አይወቅሳትም፤ ቆለኛነቷ ግን ይጸናባታል። እኔ ይህን ሁሉ አላሰብኩትም። ያሰብኩት ባዶውን ጎተራ ነው፤ ስለዚህ ከወንዶቹ ወንበር ሆኜ በዓይኔ እምቢ በይ አልኳት። አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና በሁለት እጇ ተቀበለች።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ "ምን ልታጠጫቸው ነው?" አልኳት።

"ጠላ።"

"ከምን?"

"ገና ዓመት አለ እኮ፣ ተክሌ" አለችኝና ቀደመችኝ።

የገና በዓል ሳይደርስ ቤታችንን ዘግተን ወደ ወንድሟ ወደ ደምሴ ወረድን። በጎቼን ለማንም ትቼ አልሄድም ብዬ ይዣቸው ወረድኩ። አስካለ "ሱፋቸው ቆላ አይሆንላቸውም" ብትለኝ፣ በግ በግ ነው አልኳት። ልጃችን ብርቄ አህያ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ በጎቹን እየነዳሁ፣ አስካለ ጽዋውን በአንቀልባ አዝላ። አህያው ላይ እንሰረው ስላት፣ "አህያ ሲወድቅ ማሰሮ ነው የሚሰበረው፤ እኔ ስወድቅ ግን በግንባሬ ነው የምወድቀው" አለች። በመንገድ ያገኘን ሁሉ ሕፃን መስሎት "እግዜር ያሳድግልሽ" ይላታል፤ እሷም ደስ ብሏት "አሜን" ትላለች። እንዲህ እየተመረቀ የወረደ ማሰሮ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በጎቹ እንዳለችው ሆኑ። ፀሐዩ ሲበረታ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ጀመር፤ ጥላ ጥላ ፍለጋ ሰው ቤት እየገቡ አስቸገሩ። እኔ ይለምዳሉ እያልኩ ስከራከር አስካለ ከወንድሟ ሚስት መቀስ ተዋሰችና አንድ በአንድ ይዛ ሸለተቻቸው። ባዶ ገላቸውን ሲወጡ የመንደሩ ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። ደምሴም፣ "አማቼ፣ በግ ነው ያመጣህልን ወይስ ራቁቱን የቀረ ሰው?" አለኝ። በጎቹ ግን ዳኑ፤ ሱፉም ክምር ሆነ።

ከዚያ ክምር ነው ኑሯችን የተነሣው። አስካለ ቀን ከወንድሟ ሚስት ጋር ትፈትላለች፤ እኔ ባና እሸምናለሁ። ባና የኛ አገር የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፤ ከተሸመነ በኋላ ውኃ ውስጥ በእግር ይረገጣል፣ እስኪጠብቅ። የቆላ ሰው በዚያ ሙቀት ባና ስረግጥ ሲያየኝ ያበድኩ መስሎት ነበር። አስካለ ግን አገሯን ታውቃለች። ማሽላ ሲያሸት ወፍ የሚጠብቁት ሰዎች ማማ ላይ እንደሚያድሩ፣ ንጋት ላይ ከወንዙ የሚወጣው ነፋስ አጥንት እንደሚገባ ልጅ ሆና አይታለች። አንዱን ባና ወስዳ ለአንድ ጠባቂ ሽማግሌ "አድረውበት ይመልሱልኝ" ብላ ሰጠች። አልመለሱትም። በምትኩ ከጉድጓዳቸው ማሽላ አውጥተው ላኩላት። ከዚያ ወዲያ ባናው ከእጄ ሳይደርቅ የሚሄድ ሆነ።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የሰንበቴ ቤታቸው ግድግዳ ወድቆ በነፃ ጉልበት ሲሠሩ ደረስኩ። አንዱን ማዕዘን ቆሜ አየሁና ጠማማ ነው፣ ይፍረስ አልኳቸው። ተቆጡ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ማዕዘን ሥር ተቀምጬ አልነሣም ስላቸው ሰልችቷቸው አፈረሱት። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ ድንጋዩን እኔ ነበርኩ የምጠርበው። "መንዜው" ይሉኝ ነበር፤ መጀመሪያ ለስድብ፣ ኋላ ለፍቅር። በየእሑዱ አስካለ ከሴቶቹ ጋር ዳቦ ትቆርሳለች፤ ብርቄ ከደምሴ ልጆች ጋር አገዳ እየመጠጠች አፏ ሁሉ ይጣበቅ ነበር። ጽዋው በደምሴ ቤት መደርደሪያ ላይ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። በወር በወሩ ዐሥራ ሁለት ቀን አስካለ አቧራውን ታራግፍለታለች።

ሰኔ ላይ ብቻዬን ወደ መንዝ ወጥቼ ገብሴን ዘራሁ። ጎረቤቴ ጌታነህ መጣና፣ "እዚያው ልትቀሩ ነው ይባላል፤ ጽዋውን እኛ እናውጣላችሁ?" አለኝ።

"እሷን ጠይቃት" አልኩት።

"እሷ ቆላ ናት።"

"እንግዲያው ጠብቃት።"

ወርጄ ይህን ስነግራት አስካለ ያን ማታ እህል አልቀመሰችም።

ጥቅምት ሲያልቅ ተነሣን። የሰንበቴው ሰው ተሰብስቦ አንዱ ማሽላ፣ አንዱ ጌሾ እየሰጠ፣ አንዱ ጌሾውን የምንጭንበት አህያ እያዋሰ ሸኘን። ደምሴ እስከ ወንዙ ድረስ መጣ። ወንዙ ገና ሙሉ ነበር። አስካለ ጽዋውን ከጀርባዋ አውርዳ በራሷ ላይ አሰረችውና፣ ውኃው እስከ ደረቷ እየደረሰ፣ ዓይኗን ከማዶ ሳታነሣ ተሻገረች። እኔ ዳር ቆሜ ከዚህች ሴት ጋር ዐሥራ ሦስት ዓመት ኖሬ ማንነቷን አለማወቄ ገረመኝ።

ሰፈራችን ስንደርስ የቤታችንን ክዳን ነፋስ ግማሹን ወስዶታል። የጌታነህ ደጅ ግን ብቅል ተሰጥቶበታል። ሚስቱ በላይነሽ ስታየን የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ።

"ምን ላድርግ አስካለ" አለች። "ጥላን ገባች አሉ። ጽዋው እንዳይወድቅ ብዬ ነው።"

"ማሰሮውንስ?"

"ገበያ ገዛን።"

አስካለ ቤቷ ገባች። እኔ ከጌታነህ ጋር ያን ቀን የተባባልነውን አልጽፈውም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሰላምታ ተውን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ከጽዱ ሥር ተሰበሰበ። ሙሴያችን፣ የማኅበሩን አለቃ ሙሴ ነው የምንለው፣ አያ ሽፈራው ነበሩ። ጌታነህ ተነሥቶ፣ ብቅሉ ተዘጋጅቷል፣ ደግሞም ለሚካኤል የማሽላ ጠላ ተጠምቆ አያውቅም አለ። ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ልናገር ስነሣ አስካለ ጋቢዬን ጎትታ አስቀመጠችኝ። አንቀልባውን ፈታች፣ ጽዋውን አወጣች፣ ሁሉም በሚያየው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

"ማሰሮ ገዛችሁ እንጂ ጽዋ አልገዛችሁም" አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። "እኔ በሁለት እጄ ነው የተቀበልኩት። ሰው ይጠላኛል ብዬ ቆላ አልጣልኩትም፤ ውኃ አልወሰደብኝም። ከጠላችሁት እዚሁ ውሰዱት፤ ጥላው ገባች ግን አትበሉኝ።"

አያ ሽፈራው ተነሡ፣ ማሰሮዋን ገልብጠው ታቿን ሁሉ አዩ።

"ይቺ ማሰሮ ከኔ የበለጠ አገር አይታለች" አሉ። "እኔ ዓለም ከተማን አላየሁም።" ሰው ሳቀ። "ጽዋው የከረመው እሷ ዘንድ ነው፤ የሚጠጣውም እሷ ዘንድ ነው። ማሽላው ካልጣመኝ ግን እናገራለሁ።"

ሌላ ጊዜ ተረኛ ሲጠምቅ ሴቶቹ ተሰብስበው ነው። እሷን ያገዛት አልነበረም። ውኃውን እኔ ተሸከምኩ፣ ጌሾውን ብርቄ ወቀጠች። እሷ ከጋኑ አጠገብ አልተለየችም፤ ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፣ ፊቷ ይለዋወጣል። ጠላው ቀይ ሆነ። ያ የጉድጓድ ሽታ አልለቀቀውም።

በሚካኤል ማታ ሁሉም መጣ፤ በክፉም ይሁን በደግ ሊያይ መጣ። ቄሱ ባረኩ። አስካለ ከጽዋው ቀድታ ለአያ ሽፈራው ሰጠች። ሽማግሌው አሸተቱ፣ ጠጡ፣ ጺማቸውን ጠረጉ፣ ጣራ ጣራውን አዩ። እሷ ማሰሮዋን እንደ ያዘች ቆማለች።

"ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል" አሉ አያ ሽፈራው። ከዚያ ዋንጫውን ዘረጉ። "ድገሚኝ።"

የሰዉ ፊት ተፈታ። አንዱ ቆላ ቆላ ይላል፣ አንዱ ደም ያሞቃል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይጠጣል። ትንሽ ቆይታ በላይነሽ የራሷን የገብስ ጠላ በእንስራ ተሸክማ ገባችና፣ "እኔስ ይህን ለማን ላጠጣው?" አለች። አስካለ ተነሥታ ከጀርባዋ አወረደችላት፤ ቀዩም ነጩም አንድ ላይ ተቀዳ። በመጨረሻ ጽዋውን ማን ይቀበል ሲባል በላይነሽ እጇን ዘረጋች። አስካለ ስታስረክባት፣ "በግንባርሽ ውደቂ እንጂ እንዳትጥያት" አለቻት። ያን ማታ "ቆለኛዋ" ያለ ሰው አልሰማሁም፤ ከዚያም ወዲያ አልሰማሁም።

አሁን ያ ማኅበር ስሙ ብቻ ቀርቷል። ወጣቱ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ገባ፤ የቀረነው ሽማግሌዎች በጠርሙስ ለስላሳ እንጠጣለን፤ የሚያልፈንን ተራ ማንም አይጠይቅም። አስካለ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ብርቄ ከተማ ናት፤ ደግ ልጅ ናት፤ ትደውላለች። ባዶ ጎተራ እያየ ሁለት እጁን የሚዘረጋ ሰው ግን ዛሬ አላይም፤ ራሴንም ጨምሬ ነው የምለው፤ ያኔም ብሆን የዘረጋችው እሷ ናት።

በዚያ የሚካኤል በዓል ማግስት ገና ወፍ ሳይንጫጫ ተነሣሁ። የጌታነህ ገብስ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ማጭዴን ስዬ ማሳው ውስጥ ገባሁ። እሱ ማጭዱን ይዞ ሲመጣ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ዳር ላይ ቆሞ ያጨድኩትን አየ።

"ማን ጠራህ?" አለኝ።

"ማንም" አልኩት፤ እሱም ከሌላኛው ጫፍ ጎንበስ አለ።