ጋሽ ቦሼ የመረጡት ፍሪሲዮን

ከጂንካ የአውሮፕላን ሜዳ ማዶ፣ በአንድ ዋርካ ሥር፣ ጋሽ ቦሼ የሚባሉ መካኒክ ነበሩ። ሰው ቦታውን ጋራዥ ይበለው እንጂ ግድግዳ የሚባል አልነበረውም፤ ዝናብ ሲመጣ መኪናውም መካኒኩም እኩል ይበሰብሳሉ። አባታቸው በኣሪ መንደሮች ዶማና ጦር የሚቀጠቅጡ ባለእጅ ነበሩ። እርሳቸውም ወናፍ ሲነፉ አድገው፣ መንገድ ሠሪዎች በመጡ ጊዜ ለቁፋሮ ተቀጠሩ። አንድ ቀን የተፈታ ሞተር አይተው ምሳቸውን ረስተው ዋሉ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ለቁፋሮ የመለሳቸው የለም።

የጤና ጣቢያው ሾፌር ሙሴ ገዘር የምትባል የኣሪ ከተማ ልጅ ነው። በልጅነቱ ከባለእጅ ቤት ደጃፍ እንዳይደርስ እየተመከረ ነበር ያደገው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር ግን፣ ከጋሽ ቦሼ ጎን ለጎን ከአንድ ላንድሮቨር ሥር ተንጋሎ ዓይን ዓይናቸውን ያይ ነበር።

የላንድሮቨሩ ፍሪሲዮን አልቋል። የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያቀብለው ሸራ ተበልቶ ብረቱ ብቻ ቀርቷል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይነቃነቅም። በማግሥቱ ደግሞ ከማጎ ቆላ ማዶ ያለችው ሃና የምትባል መንደር መድረስ ግድ ነው። ኩፍኝ ገብቶ እናቶች ከየከብት በረቱ ልጆቻቸውን አዝለው እዚያ ተሰብስበዋል። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ታሽጎ በአውሮፕላን መጥቷል፤ በረዶው ቢቆይ ቢቆይ እስከ ነገ ማታ ነው። መኪናው ማጎ ቆላ መሐል ከቆመ መድኃኒቱ በሙቀት ይበላሻል።

ደግነቱ በዚያው አውሮፕላን አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ መጥቶ ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ደበሌ እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞት መጣ።

ጋሽ ቦሼ ተቀብለው በአንድ ጣታቸው አንጠለጠሉትና በመፍቻ ነካ አደረጉት። ጠቅ አለና ዝም አለ። እንደገና ነኩት። አሁንም ጠቅ። ተነሥተው ከዕቃ ሣጥናቸው ሌላ ሸራ አወጡ፤ ከቀይ አፈር ቁልቁለት ላይ ከተገለበጠ ተመሳሳይ መኪና የተፈታ፣ ሲሶው ያለቀ አሮጌ ነው። ሲነኩት ረጅም ድምፅ አወጣ፤ ድምፁ ቀጥኖ ቀጥኖ ከዋርካው ቅጠል ጋር ጠፋ።

«አቶ ቦሼ፣ ያስገቡት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?» አለ ደበሌ።

«ቆይ፣ ይናገር።»

«ማን?»

«ብረቱ ነዋ።»

ደበሌ ከት ብሎ ሳቀ። «ሙሴ፣ ጋራዥ ነው ወይስ መዘምራን ጋ ያመጣኸኝ? ስማ፣ ይኼ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለው። ይህን ትተህ የወደቀ መኪና ዕቃ አስገብተህ ማጎ ላይ ብትቆም የሚጠየቀው ማነው?»

«ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ብረቱ ላይ አላየሁም» አሉ ጋሽ ቦሼ ቀስ ብለው።

ሙሴ ጨነቀው። አዲሱን ቢመርጥ፣ ቢበላሽም ማንም አይወቅሰውም። አሮጌውን ቢመርጥ ግን የሕፃናቱ ነገር በእርሱ አንገት ላይ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎ ቁርጡን ይንገሩኝ» አለ።

«እኔ ከምነግርህ ራስህ እይ።»

ሽማግሌው ጨርቅ ላምባ ነክረው፣ ሸራውን እንዳይነካ ተጠንቅቀው፣ የሁለቱንም መሐል ያለውን የብረት እምብርት አሹ። ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ ከምድጃቸው ነጭ አመድ ዘግነው እፍ አሉበት። «አባቴ ጦር ለሰው ሳይሰጡ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። እርሳቸው በቀለጠ ቅቤ ነበር፤ እኛ ላምባ አገኘን» አሉ።

በአሮጌው ላይ አመዱ እንደ ነጣ ቀረ። በአዲሱ ላይ ግን፣ ሦስቱም አጎንብሰው እያዩ፣ ከእምብርቱ ጥግ አንዲት ጥቁር መስመር ብቅ አለች። ከፀጉር ትቀጥናለች። እየረዘመች፣ እየተጠማዘዘች፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ሄደች። ማንም አልነካት፣ ማንም አልሳላትም። ብረቱ ውስጥ ገብቶ የተደበቀው ላምባ ስንጥቁን እየተከተለ ይወጣ ነበር።

ሙሴ ወደ መስመሯ ይበልጥ ተጠጋ። በሕይወቱ ብዙ ስብከት ሰምቷል፤ የተሰወረ ነገር ሲገለጥ በዓይኑ ሲያይ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ደበሌም ባርኔጣውን አወለቀ።

«አሮጌውን ያስገቡልኝ» አለ ሙሴ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከማጎ ወንዝ ማዶ ያለው ዳገት መጣ። ነርሷ ሲስተር ያለምወርቅ ከሙሴ ጎን የክትባቱን ሣጥን አቅፋለች። መሐል ዳገት ላይ ድንጋይ ጎማውን ይዞት መኪናው ቆመ፤ ወደ ኋላም ሸርተት አለ።

«ሙሴ!»

«አይዞሽ ሲስተር።»

የፍሪሲዮኑን ፔዳል ረገጠ፣ ከባዱን ማርሽ አስገባ፣ እግሩን በጥቂት በጥቂቱ አነሣ። ከወለሉ በታች አንድ ነገር ሌላውን ጥብቅ አድርጎ ሲጨብጠው በጫማው ሶል ተሰማው። መንሸራተቱ ቆመ። መኪናው ትንሽ አቃሰተና ድንጋዩን ወጣው።

ሃና ሲደርሱ ሲስተር ያለምወርቅ ክዳኑን ከፈተች። በረዶው ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ሟምቷል። ከዛፍ ሥር የተሰለፉት እናቶች የሣጥኑን ጭስ መሰል ቅዝቃዜ አይተው «ውይ!» አሉ፤ ሙሴም አብሯቸው አለ። የመጀመሪያው ሕፃን መርፌው ሲነካው አገር ይያዝልኝ ብሎ ጮኸ።