ጥላ ያድርጉላቸው

የጎረቤቴን ትክክለኛ ስም በሰፈሩ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «ጋሽ እንዳለ» ነው የሚላቸው። ስሙን ያወጣላቸው መሥሪያ ቤታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆነው ሲሠሩ የተሰጣቸውን ሁሉ እንዳለ ይመቱ ነበር። አለቃቸው ተሳስቶ «የሠራተኞች ስብሰባ» በማለት ፈንታ «የሠራተኞች ስብራት» ብሎ ቢሰጣቸው፣ ስብራት ብለው መትተው ለጥፈውታል። «የእኔ ሥራ መምታት ነው፤ ማሰብ የእሱ ነው» ይላሉ።

እኔ ችግኝ ሻጭ ነኝ። ጋሽ እንዳለ ቅጠል ሲነኩ አይቼ አላውቅም። አንድ ጠዋት ግን መጡና የቲማቲም ችግኝ ጠየቁኝ። ባለቤታቸው እትዬ ከታመሙ አራት ወር ሆኗቸዋል። ምግብ አልወርድ ብሏቸዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ ካልበሉ መድኃኒቱ ብቻውን የትም አያደርስም ብሏል። የቀረበላቸውን ሁሉ «አፌን እሬት እሬት ይለኛል» እያሉ ይመልሱታል። የገበያውንም ቲማቲም አንዴ ገምጠው አስቀመጡት። «ከተክሉ ላይ የተቀጠፈ ቢሆን ይበላልኝ ነበር» አሉ።

«መቼ ይደርሳል?» አሉኝ ጋሽ እንዳለ።

«ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል ጋሼ።»

«ቶሎ የሚደርስ የለህም?»

የለኝም ነበር። አሥራ ሁለት ችግኝ ሰጠኋቸውና፣ ሌላ ደንበኛ ስለጠበቀኝ፣ በጥድፊያ እንዲህ አልኳቸው፦ «ጠዋት ጠዋት ውሃ ያጠጡ። ይህ ፀሐይ እንዳይፈጃቸው ጥላ ያድርጉላቸው።» ወረቀት አውጥተው ጻፉት። እኔ በልቤ ያሰብኩት አራት እንጨትና አሮጌ ጆንያ ነው። ግን «ጆንያ» የምትለዋ ቃል ከአፌ አልወጣችም።

በማግስቱ በአጥር አሻግሬ ሳይ ሁለት ዣንጥላ የችግኙ መደብ ላይ ተዘርግቷል፤ እጀታቸው ከችካል ጋር በሽቦ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። አንዱ የጋሽ እንዳለ ጥቁር ጥላ ነው። ሌላው እትዬ ድኜ ስወጣ እይዘዋለሁ ብለው ያስቀመጡት ቀይ ጥላ ነው። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ያው ጥላ ጥላ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያን ቀን አጥሩን ዘልዬ ባስተካክለው ኖሮ ይህን አላወራም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ኃይለኛ ትኩስ ነፋስ ተነሳ። ጥላዎቹን ከነችካላቸው ነቅሎ በመደቡ ላይ እየጎተተ ወሰዳቸው። ሮጬ ስደርስ ከአሥራ ሁለቱ የተረፈው ጥግ ላይ ያለው አንድ ችግኝ ነው።

ጋሽ እንዳለ ወረቀቱን አወጡ። «ጥላ አይደል ያልከኝ?»

«ጥላ ነው ያልኩት።»

«ታዲያ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ጥፋቱ የእኔ ምላስ ነበር።

እትዬ ድምፃችንን ሰምተው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወጡ። አጥሩ ሥር ተሰብሮ የወደቀውን ቀይ ጥላቸውን አዩት። ይቆጣሉ ስል ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተቀየረ። «ለዚህ ነው እንዴ አንተ ሰውዬ ያስቀመጥኩልህ?» አሉ። ከዚያ ወንበር አስመጡና የሰውነታቸው ጥላ ችግኙ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ተቀመጡ። ቀሚሱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም፤ ጥላቸውም እንደዚያው ቀጭን ነው።

«ነገ ሌላ አሥራ ሁለት አመጣለሁ» አልኩ።

«ሁለት ወሩ እንግዲህ ከነገ ይጀምራል ማለት ነው?» አሉኝ ጋሽ እንዳለ።

እሳቸው የተሰበረውን ቀይ ጥላ እንደምንም ዘርግተው ባለቤታቸው ላይ ያዙት። ፀሐይ ስትዞር እትዬ ወንበራቸውን ፈቀቅ ያደርጋሉ፤ ጋሽ እንዳለም አብረው ፈቀቅ ይላሉ።

«ባለሙያው አንተ ነህ» አሉኝ፣ በአንድ እጃቸው ወረቀቱን የወንበሩ መደገፊያ ላይ እየዘረጉ። «ምን ላድርግላት? ንገረኝና ልጻፈው።»

ያልኳቸውን ሁሉ እንዳለ እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። የምላቸው ግን አልነበረኝም።